«525 ጊዜ ያጎላል» ብለው ቴሌስኮፕ ሲሸጡላችሁ

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ለልጆቻችሁ ቴሌስኮፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ባለፈው ወር ለልጄ ልደት ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ አንድ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 525 ጊዜ እንደሚያጎላ በትልቁ ተጽፏል። ሻጩም «የሳተርንን ቀለበት ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል፣ ወንድሜ» አለኝ። 9 ሺህ ብር ከፈልኩ።

ማታ ሐይቁ ዳር ወጣን። ጁፒተር ላይ አነጣጥረን አንድ ሰዓት ታገልን። የታየን ውሃ የበዛበት ወተት የመሰለ ብዥታ ነው። ምስሉን ለማጥራት እጀታውን ነካ ሳደርገው ማቆሚያው ይንቀጠቀጣል፣ ጁፒተርም እልም ይላል። ልጄ «አባዬ፣ ተበላሽቶ ነው?» አለችኝ።

አልተበላሸም። ውሸቱ ቁጥሩ ላይ ነው። የፊት ሌንሱ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሌንስ በደህና የሚያጎላው ቢበዛ 120 ጊዜ ያህል ነው፤ የስፋቱን እጥፍ ማለት ነው። 525ን ያመጡት የ700 ሚሊ ሜትሩን የትኩረት ርቀት (ከፊት ሌንሱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለውን) ለትንሿ ባለ 4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ አካፍለው፣ ሦስት እጥፍ በሚያጎላው ተጨማሪ ሌንስ (ባርሎው ይሉታል) ደግሞ በ3 አባዝተው ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ ብርሃኑ ግን አይበቃም። ካርቶኑ ላይ ያለው ባለ ቀለም የኔቡላ (የሕዋ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶም ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሰብስቦ ያወጣው ነው። የኦሪዮን ኔቡላ በዚህ ዕቃ የሚታየው እንደ ግራጫ ጭጋግ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፣ ያልፋል። የሚያስፈራኝ ግን አብሮት የመጣው «ለፀሐይ» የተባለ፣ ዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመድ ጥቁር መስታወት ነው። እባካችሁ፣ ልጅ ሳያገኘው ሰብራችሁ ጣሉት። ፊተኛው ሌንስ የሰበሰበው ሙቀት እዚያች ላይ ስለሚያርፍ በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ ዓይን በቅጽበት ይጎዳል። ትክክለኛው የፀሐይ ማጣሪያ የሚገጠመው ከፊት፣ ትልቁ ሌንስ ላይ ነው።

ልመልስ ብሄድ «ካርቶኑ ተከፍቷል» አሉኝ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበርና አፌን ይዤ ተመለስኩ። እናንተ ደረሰኝ ተቀበሉ። የሌንሱን ስፋት ጠይቁ፣ ማቆሚያውንም እዚያው አቁማችሁ ነቅንቁት።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን የዓይን ሌንስ ብቻውን ግጠሙበት። 35 ጊዜ ብቻ ነው የሚያጎላው፤ ግን ጨረቃ ግማሽ ስትሆን የጉድጓዶቿ ጠርዝ ሳይቀር ይለያል። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያገኘው ከዚያ ባነሰ ማጉያ ነው። ትናንት ማታ ልጄ እነሱኑ ቆጠረች፤ ሦስት አገኘች። አራተኛዋ የት ሄደች ብላ ዛሬም እንውጣ እያለችኝ ነው።