ወይን ጠጅ ለምትወዱ ሁሉ፦ ይህን ቤተሰብ ሄዳችሁ እዩልኝ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ወይኑን ራሳቸው የሚያለሙ፣ የሚጠምቁና በጠርሙስ የሚያሽጉ አንድ ቤተሰብ አሉ። አባት ማሳውን ይዘዋል። ሴት ልጃቸው ጠመቃውን ትመራለች። እናት እንግዳ ይቀበላሉ፣ ሂሳቡንም ይይዛሉ። ስማችን በይፋ አይጻፍ ስላሉ አልጠቅሰውም። ለጠየቀኝ ግን በውስጥ መስመር አድራሻቸውን እሰጣለሁ፤ ለዚህ ፈቅደውልኛል።

ጉብኝቱን ያስጀመሩን ከማሳው ነው። ለቀማው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አባትየው ከዘለላው አንድ ጥቁር ፍሬ ነጥለው በጣታቸው ጨመቁት። ጭማቂው ቀለም አልነበረውም! በአብዛኞቹ ጥቁር የወይን ዝርያዎች ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው አሉን። ቀይ ወይን ጠጅ ከነልጣጩ የሚፈላው ለዚህ ነው። ነጩ ግን አስቀድሞ ይጨመቅና ጭማቂው ብቻውን ይፈላል። ስንት ዓመት ስጠጣ ይህን አንድ ሰው እንኳ አሳይቶኝ አያውቅም።

ፍሬው መድረሱን የሚያረጋግጡት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የስኳር መለኪያ ነው። ለደረቅ ቀይ ወይን ጠጅ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ22 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው። ሁለተኛው ጥርሳቸው ነው። የውስጡን ዘር ያኝኩታል። አረንጓዴ ከሆነና ከመረረ ገና ነው፤ ቡናማ ሆኖ ቀጭ ካለ ደርሷል። እኛንም አስኝከውናል።

ከዚያ ልጅቷ ተረከበችን። እውነቱን ለመናገር ይህ ጽሁፍ በዋናነት ለእሷ ነው።

መጥመቂያ ቤቱ ውስጥ ምንም አላቻኮለችንም። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለውጥ በጋኖቹ አጠገብ ቆማ አስረዳችን። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ሰውም ሊያፍን ይችላል። ድፍድፉ በሚፈላበት ሰሞን አየር ማስወጫው ሳይሠራ ማንም ሰው እንዲገባ አትፈቅድም፤ አባቷንም ጭምር። ይህን ስትናገር ድምጿ ጠንከር አለ። ሥራዋን የምታከብር ሰው መሆኗ እዚያ ጋ ገባኝ።

በርሜሎቹ 225 ሊትር የሚይዙ ናቸው። አንዱ በርሜል 300 ጠርሙስ ይሞላል ማለት ነው። እንጨቱ ስለሚተነፍስ ወይኑ ቀስ በቀስ ይጎድላል። ክፍተት ካገኘ አየር ይገባና ወደ ኮምጣጤ ሊያመራ ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው እየዞረች ትሞላዋለች። ከሁለት በርሜል ቀድታ አንድ ዓይነት ወይን አስቀመሰችን። አንዱ አዲስ በርሜል ውስጥ የቆየ ነው፤ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል፣ ምላስንም ያኮማትራል። ሌላው አሮጌ በርሜል ውስጥ ነበር፤ ፍሬው ጎልቶ ይሰማል። ሁለቱም ገና ጉሽ ናቸው። «ለብቻቸው አልወዳቸውም፤ ስደባልቃቸው ግን ይስማማሉ» አለችን። የራሱን ምርት በእንግዳ ፊት እንዲህ የሚገመግም ሰው ብዙ አላየሁም።

ዋናው ቅምሻ የተረጋጋ ነበር። ከደረቁ ነጭ ጀምረን ወደ ቀዩ ሄድን፣ ጣፋጩን መጨረሻ ላይ አደረግን። ጣፋጩ ከቀደመ ሌላው ሁሉ ይጎመዝዛል። ቀዩን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ያቀረበችው፤ ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ላይ እንደሚወጣ በሁለት ብርጭቆ አሳየችን። መትፊያ ዕቃ ከጎናችን አስቀምጣ «መትፋት ነውር አይደለም፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ስተፋ ነው የምውለው» አለችን።

ከዚህ በፊት በሄድኩበት አንድ ሌላ ቦታ እንደ መርፌ ጠብታ እየቀዱ፣ ቶሎ ግዙ እያሉ አስጨንቀውን ነበር። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። ወፈር ያለውን ቀይ ወድጄ ልገዛ ስል እሷው አስቆመችኝ። መቼ ልጠጣው እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ። በቅርቡ ነው አልኳት። «እንግዲያው ይሄ ገና ነው፤ ቀለል ያለውን ይውሰዱ» አለች። ቀለል ያለው ደግሞ በዋጋም ያንሳል። ቤት ወስጄ ስከፍተው ልክ እንዳለችው ሆኖ አገኘሁት።

እናትየውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሹፌራችን አይጠጣም ነበር። ማንም ሳይነግራቸው አስተዋሉና ከማሳው የተለቀመ የወይን ጭማቂ በሚያምር ብርጭቆ አቀረቡለት። እንደ ተረሳ ሰው ጥግ ላይ አልተቀመጠም። የጠመቃውን ጥያቄ ከእኛ በላይ የጠየቀው እሱ ነው፤ ልጅቷም አንዱንም ሳትዘል መለሰችለት።

እጃችሁ ይባረክ። ድካማችሁን ጠርሙሱ ውስጥ ቀምሰነዋል።

ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ሦስት ሰው ነው ሁሉን የሚሠራው። ለቀማው በጦፈበት ሰሞን ባትሄዱ ይሻላል፤ እንግዳ ለማስተናገድ ጊዜ አይኖራቸውም። ምግብ ቀምሳችሁ ሂዱ። ሽቶ አትቀቡ፤ እናንተም ሌላውም የወይኑን ሽታ እንዳትለዩ ያደርጋል። የሚያሽከረክረው ሰው አይቅመስ። ከበርሜል መቅመስ ከፈለጋችሁ ደግሞ ልጅቷን ጠይቋት፤ ካልተጠየቀች አትቀዳም፣ ከተጠየቀች ግን ደስ ብሏት ነው።