ፊፋ ወይስ ፔስ?

አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ሕጉ አንድ ነው፦ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ክርክሩ የሚነሳው ከሁለቱ የእግር ኳስ ቪዲዮ ጨዋታዎች፣ ከፊፋና ከፔስ፣ በየትኛው እንጫወት በሚለው ላይ ነው።

ፊፋ የክለቦችና የሊጎች ፈቃድ ስላለው ማልያው፣ ስታዲየሙ፣ የታዋቂ ተጫዋቾች ፊት ሳይቀር እውነተኛውን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆነ፤ ተጫዋቹ ግን ዛሬም ፊፋ ይለዋል።

ፔስ በፈቃድ በኩል ደሃ ነበር። በፔስ 2013 አርሰናል፣ ፈቃድ ስለሌለ፣ የሚቀርበው «ኖርዝ ለንደን» ተብሎ ነው፤ የክለቡ ደጋፊ በሞላበት ከተማ ይህ ያስከፋል። ኳሱ ግን ሌላ ነው! በሁለት ተከላካዮች መካከል የምትሰነጠቅ ኳስ በራስህ ስሌት ካልተመጠነች አትደርስም። ከኋላ ወረፋ የያዙትም ዝም አይሉም፤ «አቀብል! አሁን አትምታ!» እያሉ የማያውቁትን ልጅ ያሰለጥናሉ። ብዙዎቻችን ጓደኛ ያፈራነው እንዲህ ነው።

የፔስ አምራች ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ጨዋታውን ኢፉትቦል ብሎ በነጻ አቀረበው። በስልክ መጫወቱ ቢመችም ያንን ጫጫታ አይተካም። ለጀማሪ ፊፋን እመክራለሁ፤ ለመማር ይቀላል። እኔ ግን ምርጫ ሲሰጠኝ አሁንም ፔስ 2013 ይከፈትልኝ እላለሁ።