ብረት የሚያስቀንሰው ጂም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰውነቱን ማጠንከር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አንድ ጂም አለ፤ ስሙን ግን አልጽፍም። አሰልጣኙ «ጋሼ፣ አሁን ያለው ሰውም በዝቶብናል፤ እባክዎ አይጻፉ» ብሎ ለምኖኛል። ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ ምድሩ የእህል መጋዘን የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ደረጃውን ስትወጡ የጤፍ ብናኝ ካስነጠሳችሁ አልተሳሳታችሁም።

ስለ ዕቃው ብዙ የሚወራ የለም። አንድ ቤንች፣ አንድ የስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ የመነሣት) ማቆሚያ፣ ጥቂት ዳምቤሎች፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት። ከክብደቶቹ ግማሾቹ የብየዳ ቤት ሥራ ናቸው። «20 ኪሎ» ተብሎ በነጭ ቀለም የተጻፈበትን አንዱን ታች ወርደን በእህል ሚዛን ብንመዝነው 21 ተኩል ሆኖ አገኘነው፤ ለካ ሳላውቀው ከጓደኞቼ በልጬ ኖሬአለሁ። መሮጫ ማሽኑ መብራት ሲኖር ይሠራል። ሻወሩ ቀዝቃዛ ብቻ ነው፤ የማርቆስን የክረምት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር አያየውም። በወር 1,000 ብር እከፍላለሁ።

እንዲህም ሆኖ የምመክረው በደብተሩ ምክንያት ነው።

ስትመዘገቡ አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ይሰጣችኋል። በየቀኑ ብረት ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ነገር ትሞላላችሁ፦ ሌሊቱን ለስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁ ስንት እንደነበረ፣ ሦስተኛ ደግሞ «ሆድ ውስጥ ያለው» ይላል። የመጀመሪያ ቀን ቁርሴን የጠየቀኝ መስሎኝ «እንጀራ በሽሮ» ብዬ ጻፍኩ። አሰልጣኙ ልጅ ሳቀ። «የበሉትን አይደለም ጋሼ፤ የያዙትን ነው።» አገሩ ጎጃም ነውና ሰሙን ትቼ ወርቁን መፈለግ የእኔ ፋንታ ነበር።

የያዝኩት ደግሞ ብዙ ነው። ባንክ ውስጥ የብድር ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ 38። ከዚህ በፊት በሌላ ጂም ስምንት ወር ሠርቻለሁ። እዚያ መመሪያው አንድ ነበር፦ ጨምር። ደከመኝ ስል ጨምር፣ አልተኛሁም ስል ጨምር። በሳምንት ስድስት ቀን ሠርቼ ክንዴ እንደነበረ ቀረ፤ ሱሪዬ ብቻ ሰፋኝ። ጎረቤታችን ባለቤቴን ጠጋ ብላ «ባልሽን ምን ነካብሽ?» ብላ እስከ መጠየቅ ደርሳለች።

አዲሱ ጂም ከቀድሞው እንደሚለይ የገባኝ ሰኔ 26 ነው። የበጀት ዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ስለሚዘጋ ባንክ የሚሠራ ሰው ያን ሳምንት እንዴት እንደሚያሳልፈው ያውቀዋል። ያልተመለሱ ብድሮች ዝርዝር፣ ከበላይ የሚደወል ስልክ፣ መንገድ በመዘጋቱ እህሉ መጋዘን ውስጥ የቀረበት ነጋዴ በር ላይ ቆሞ «ጊዜ ስጡኝ» ይላል። በዚያ ላይ የሐዋርያት ጾም ነው። ከሥራ እንደወጣሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ 90 ኪሎ ተሸክሜ ስኳት ልሠራ ወጣሁ። ንዴቴን ብረቱ ላይ ልወጣው ነበር።

ልጁ ደብተሬን አየ። 4 ሰዓት። 78። «ሂሳብ መዝጊያ»። የዘወትር ምቴ ከ62 እስከ 64 እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ጣቱን አንጓዬ ላይ አሳርፎ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ቆጠረ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ማቆሚያው ሄዶ የጫንኩትን ክብደት አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ፤ በየጎኑ አንዳንድ ትንሽ ሲቀር አቆመ።

«ጋሼ፣ ለሰው ብድር ከመስጠትዎ በፊት ያለበትን ዕዳ አያዩም እንዴ?»

የምመልሰው አጣሁ። እንጀራ የምበላበት ሥራ እኮ ነው!

ልጁ ስፖርት ሳይንስ የተማረ ነው፤ በኋላ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን አስረዳኝ። ጡንቻ ብረት ሲነሣ አይገነባም፤ ያን ጊዜ ይጎዳል። የሚገነባው በኋላ በምግብና በእንቅልፍ ነው፤ የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀውም በሌሊቱ መጀመሪያ፣ እንቅልፍ ሲጠልቅ ነው። ኮርቲሶል የሚባለው ከኩላሊት በላይ ካለው እጢ የሚወጣ ሆርሞን በራሱ ጠላት አይደለም፤ ጠዋት ከፍ ብሎ ለቀኑ የሚያዘጋጀን እሱ ነው። ጭንቀት ሲደራረብና ኮርቲሶሉ አልወርድ ሲል ግን የጡንቻን ፕሮቲን እያፈረሰ ጉበት ስኳር እንዲሠራበት ያቀርባል። በቀን ገንብቶ በሌሊት ማፍረስ ማለት ነው። ሃንስ ሴልዬ የተባለ ተመራማሪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ብርድም ሆነ ቁስል ወይም ከልክ ያለፈ የጡንቻ ሥራ የአይጦችን አካል በአንድ ዓይነት መንገድ እንደሚጎዳው አሳይቷል። ለካ ሰውነቴ የአለቃዬን ስልክና የ90 ኪሎውን ብረት የሚመዘግበው በአንድ መዝገብ ነው።

ለዚያ ሳምንት የታዘዘልኝ ይህ ነበር፦ ሁለት ቀን ብቻ መምጣት፣ ክብደቱን በግማሽ መቀነስ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቡና አለመጠጣት። ሦስተኛው ትእዛዝ ቤቴ ውስጥ ጠብ አስነሥቷል። የማታ ቡና ከጎረቤት ጋር ነው፤ አቦሉን እንኳ ሳይቀምስ የሚነሣ ሰው እንደ ኩሩ ይቆጠራል። ካፌይን ግን ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ አለ፤ እኔ ሌሊት ጣሪያ ስቆጥር የኖርኩት በበረካው ነው። አሁን ቆሎውን እየቆረጠምኩ አጫውታቸዋለሁ።

በየልምምዱ መጨረሻ ደግሞ በጀርባ ተንጋልሎ ለአሥር ደቂቃ በቀስታ መተንፈስ አለ፤ አየር የሚወጣበት ጊዜ ከሚገባበት ይረዝማል። መጀመሪያ ቀን «ለመተኛት ነው ወይ የምከፍለው?» ብዬ አሾፍኩ። በሦስተኛው ቀን አንኮራፍቼ ሳቁብኝ።

ስለ ጾሙ አልተከራከረኝም፤ እንዳሟላ ብቻ ነው የነገረኝ። ክብደቴ 70 ኪሎ ነው፤ በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ብለን ብናሰላው በቀን 112 ግራም ይመጣል። በ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ ወደ 25 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን አለ። ስለዚህ ምስር ወጡ ጠነን፣ ሽሮው ወፈር አለ፤ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ አሹቅ ገባ። መደርደሪያው ላይ የሚሸጠውን የፕሮቲን ዱቄት አልገዛሁም። በእሱ ዋጋ የስንት ሳምንት ምስር እንደሚገዛ አስልቼ ነግሬዋለሁ፤ አልወደደውም።

መስከረም ላይ 100 ኪሎ ተሸክሜ አምስት ጊዜ ስኳት ሠራሁ። ክንዴ ከ31 ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ገብቷል። ደብተሩን ስገልጠው የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ብረቱ የጨመረባቸው ሳምንታት በሙሉ ከሰባት ሰዓት በላይ የተኛሁባቸው ናቸው።

የሚያስቆጡኝ ነገሮችም አሉ። ስለ ጭንቀት ይህን ያህል የሚያውቅ ልጅ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ይከፍተዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ይባስ ብሎ ከቆርቆሮው ጋር ይፎካከራል። ለሴቶች የተለየው ሰዓት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፤ የገበያ ቀን ቅዳሜ ጠዋት ማን ሴት ነፃ እንደምትሆን እንጃ! ባለቤቴ ሁለቴ ሄዳ ተወችው። የመቀየሪያ ክፍሉ መቆለፊያ የለውም።

የምትሄዱ ከሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ሰው የለም፣ ሙዚቃውም ገና አልተከፈተም። ፎጣና የራሳችሁን ቁልፍ ያዙ። ደብተሩ ላይ እንዳትዋሹ፤ ልጁ አንጓ ይዞ ይቆጥራል።