ኢናላፕሪል ወይስ ሎሳርታን? ከመግዛታችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች ፋርማሲ ነው የምሠራው። ሳልሰማው የማልውልበት ጥያቄ «ልጄ፣ ለግፊት ኢናላፕሪል ይሻላል ሎሳርታን?» የሚለው ነው። ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነው፤ ዕድሜ ልክ የምትውጡት ኪኒን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ግን የእናንተ መብት ነው።

ነገሩ ከኩላሊት ይጀምራል። የሚደርሰው ደም ሲያንስ ወይም ጨው ሲጎድል፣ ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ይለቃል። ሬኒን ከጉበት የሚመጣ ፕሮቲን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን አንድን ያወጣል፤ በተለይ ሳንባ ላይ የሚገኝ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ይህንን ወደ አንጂዮቴንሲን ሁለት ይለውጠዋል። ጉልበተኛው እሱ ነው። የደም ሥር ያጠብባል፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢም አልዶስቴሮን እንዲያመነጭ ያደርጋል። አልዶስቴሮን ጨውና ውሃ ሲያስቀር ግፊት ይወጣል።

ኢናላፕሪል ያንን ሁለተኛ ኢንዛይም ይይዘዋል። ካፕቶፕሪልና ሊዚኖፕሪልም ወገኖቹ ናቸው። ሎሳርታን ግን ምርቱን አይነካም፤ አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ግፊት በማውረድ ያን ያህል አይበላለጡም። በስኳር ምክንያት ሽንቱ ላይ ፕሮቲን መታየት የጀመረ ሰውንም ሁለቱም ይጠቅሙታል።

የሚለያዩት ሳል ላይ ነው። ኢናላፕሪል የሚይዘው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል ነገርም ያፈርሳል፤ ሳይፈርስ ሲከማች ደረቅ ሳል ያመጣል። አንዲት እናት ሁለት ወር ሙሉ ሲያስሉ ከረሙ። «የመንገዱ አቧራ ነው» እያሉ ሦስት ጠርሙስ ሽሮፕ ጨርሰዋል። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ስጠይቃቸው ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ግማሹ ያለቀ የኢናላፕሪል ቅጠል አሳዩኝ። ሐኪማቸው ወደ ሎሳርታን ቀየረላቸው፤ ሳሉ በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። ኢናላፕሪል እየወሰዳችሁ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ሳምንት አይጠበቅም፤ ኪኒኑን አቁሞ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ይህ እብጠት ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ሲገጥም ግን ጥቁሮችን ይበልጥ ያጠቃል።

በብዙ ጥቁር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ሬኒን ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ሲወሰድ ግፊቱን በሚገባ ላያወርደው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በአምሎዲፒን ቢጀምርላችሁ ወይም ቢጨምርላችሁ አትከፉ። አምሎዲፒን በዚህ መስመር አይሄድም፤ የደም ሥሩን ጡንቻ ራሱን ያላላል። ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። በ2019 የታተመ፣ በስድስት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ጥናት አምሎዲፒን ያለባቸው ጥምሮች ከሌለበት የተሻለ ግፊት እንዳወረዱ አሳይቷል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ጨውና ውሃ ሲያሸና ኩላሊት ሬኒን ይጨምራል፤ ከሎሳርታን ጋር የሚስማማው ለዚህ ነው።

ዋጋ ስታወዳድሩ የወሩን አስሉ። ካፕቶፕሪል በቀን ሁለት ሦስቴ ይወሰዳል፤ ሎሳርታን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ይበቃል። ኢናላፕሪልንና ሎሳርታንን አንድ ላይ አትውሰዱ፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየምም ይጨምራል። ከሁለቱ አንዱን በጀመራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም ተመርመሩ። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ዲክሎፌናክ አትደርቡ።

ለወጣት ሴት ከሁለቱ አንዱን ከመስጠቴ በፊት እርግዝና እንዳለ ወይም እንደታሰበ ዝቅ ባለ ድምፅ እጠይቃለሁ። አዎ ካለች አልሸጥላትም፤ ሁለቱም ፅንሱን ይጎዳሉ። እንደ ሜቲልዶፓ ያለ መድኃኒት እንዲታዘዝላት በዚያው ቀን ወደ ሐኪሟ እመልሳታለሁ።