የእህቴን የጉዞ ፈቃድ ማስረጃ ያዘጋጀልን የፍራንኮው ትርጉም ቤት

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን ለምን እንደያዝኩባቸው ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ቤቱ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። የተለየ ስም የለውም። በሩ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ትርጉም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ግማሹን ፀሐይ በልቶታል። ባለቤቱ ድሮ እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። «የቲቸር ቤት» ብላችሁ ብትጠይቁ ባጃጁ በር ላይ ያወርዳችኋል።

ጉዳያችን እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ትኖራለች። ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ነው። የግሪን ካርድ ማመልከቻዋ ገብቷል፣ መልስ ግን አልመጣም። በዚህ መሀል ወንድማችን ሠርጉን ለጥር 17 ቆረጠ። እዚህ ያለ ዘመድ ሁሉ «ትኬት ቆርጣ ትምጣ፣ ምን ችግር አለው?» ይላል። ችግር አለው። ግሪን ካርድ እየጠበቀ ያለ ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። እንደ ኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ባሉ አንዳንድ ቪዛዎች ላይ ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው ከዚህ የሚተርፉት። ደግሞ ማመልከት ብቻውን አያድንም፤ ፈቃዱ ጸድቆ እጅ ሳይገባ መውጣት ያው መጥፋት ነው። እህቴ አይ-131 የሚባለውን ፎርም ሞልታ፣ 630 ዶላር ከፍላ ወራት ጠበቀች። ኅዳር ገባ፣ ምንም የለም። ስለዚህ «ጉዳዬ ይፋጠንልኝ» ብላ መጠየቅ ነበረባት። ለዚያ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ያለው አዳማ፣ ሩጫው የኔ።

መጀመሪያ የገባሁት ሌላ ቤት ነው። «ቪዛ ኮንሰልታንት» ይላል። ሶፋው ቆዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ የነጻነት ሐውልት ተሰቅሏል። ከረባት ያሰረ ልጅ 25 ሺህ ብር ብከፍል በውስጥ ሰው ፈቃዱን እንደሚያስፈጥን ነገረኝ። የት ያለ የውስጥ ሰው? «ኤምባሲ» አለ። የእህቴ ፋይል ያለው እዚያው አሜሪካ፣ ዩኤስሲአይኤስ የሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ምን ቤት ነው? ያቀረበልኝን ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። ቡናው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም።

ቲቸር ጋ ስገባ ስለ ገንዘብ አላወሩም። «ወረቀቱን የሚያነበው ማነው?» ነበር ጥያቄያቸው። ለዩኒቨርሲቲ የሚላክ ትርጉምና ለኢሚግሬሽን የሚላክ ትርጉም አንድ አይደለም አሉኝ። ዩኤስሲአይኤስ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትርጉሙ ሙሉ ይሁን፣ ጭምቅ አይሁን። ሁለተኛ፣ ተርጓሚው «ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ፣ ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ ነው» ብሎ ይፈርምበት። አበቃ። እኔ ደግሞ የቢሮ ጓደኛዬ «ውጭ ጉዳይ ካላረጋገጠው ዋጋ የለውም» ብላኝ አዲስ አበባ ለመመላለስ ከሥራ ፈቃድ ልጠይቅ ነበር። ቲቸር ሳቁ። «ከፈለግሽ ሂጂ፣ እነሱ ግን አልጠየቁሽም።» ኦሪጅናሉን በዲኤችኤል መላክም አላስፈለገም፤ ጥርት ያለ ኮፒ ይበቃል።

የሠርግ ካርዱን ስሰጣቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ካርዱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 6 ሰዓት» ይላል።

«አየሽ፣ ይህን እንዳለ ብገለብጠው ሠርጉ ካለፈ ስንት ዓመቱ ይሉሻል» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ለኛ 2018 ዘንድሮ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ጋ ለተቀመጠው ኦፊሰር ግን ካለፈ ቆይቷል። በእርሳስ ጎኑ ላይ «ጃንዋሪ 25፣ 2026» ብለው ጻፉ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ቀኑ እዚያም እሑድ ላይ መዋሉን አዩ። 6 ሰዓቱንም እኩለ ቀን አደረጉት፤ ያለዚያ ሙሽራው በሌሊት ሊነዳ ነው። ትርጉሙ ላይ የኛም ቀን የፈረንጁም ቀን ጎን ለጎን ገባ። ከሥር ደግሞ ካርዱ የተጻፈው በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መሆኑን የምትናገር አንድ መስመር ታከለች። ይቺ መስመር ለኔ የከፈልኩትን ገንዘብ ሁሉ ታወጣለች።

ሙሉ ትርጉም ሲሉም ሙሉ ነው። ካርዱ አናት ላይ ያለው ጥቅስ ተተረጎመ። ማተሚያ ቤቱ ታች በደቃቁ የጻፈው ስልክ ቁጥር እንኳ አልቀረም። ወንድሜ ሲያየው «የማተሚያ ቤቱን ስልክ ምን ያደርጉለታል፣ ሊያሳትሙ ነው?» ብሎ ሲስቅ ዋለ።

ከቀበሌ ያወጣነው የዝምድና ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው። የአባታችን ስም ጫላ ነው። በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፤ በእህቴ ፓስፖርት ላይ ግን በ«ሲኤች» ነው። ለኛ አንድ ሰው ነው። ፋይሉን ለሚያገላብጠው ሰው ግን የእህቴና የወንድሜ አባት ሁለት ሰው ሊመስለው ይችላል። የእህትና ወንድምነቱ ማስረጃ ደግሞ የቆመው በዚያ ስም ላይ ነው። ቲቸር የፓስፖርቱን አጻጻፍ ተከተሉ፤ ዋናው ሰነድ ላይ ያለውንም በግርጌ አሰፈሩ። «የፓስፖርት ኮፒ ሳይዝ የሚመጣን ሰው እመልሳለሁ» አሉኝ። ሲመልሱም አይቻለሁ።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ለማስረጃው የእናት ደብዳቤ ቢጨመር ጥሩ ነው ተባለና ይዣት ሄድኩ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠችና «ታምሜያለሁ በልልኝ» አለች። እናቴ ግፊት እንኳ የለባትም፤ ወንጂ ድረስ ለቅሶ ሄዳ በዚያው ቀን የምትመለስ ሴት ናት።

«ማዘር፣ ምንዎን ያሞታል?» አሉ ቲቸር።

«ናፍቆት።»

«እሱን እጽፋለሁ። ሆስፒታል ያልጻፈልዎትን በሽታ ግን አልጽፍም። አንድ ውሸት ከተገኘ እውነቱም አብሮ ይጣላል።»

እናቴ አኮረፈች። በኋላ ግን ደብዳቤው ሲነበብላት ዝም ብላ ፈረመች። አጭር ናት፣ አንድ ገጽ አትሞላም። ሠርጉ መቼና የት እንደሆነ፣ እህቴ ከወጣች ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ እንደማያውቅ፣ እህት ሙሽራውን በማጀብ ምን ድርሻ እንዳላት ትናገራለች። ከሷ ጋር የአዳራሹን የቅድሚያ ክፍያ ደረሰኝ አባሪ አደረግን። ደረሰኙን ያሰቡት ቲቸር ናቸው። ካርድ ማንም ያሳትማል፤ ለአዳራሽ ግን ማንም በከንቱ አይከፍልም።

በነገራችን ላይ ሠርግና ሞት እዚያ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። ለሞትና ለጠና ሕመም እህቴ ካለችበት አቅራቢያ ባለው ቢሮ የአስቸኳይ ቀጠሮ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። ሠርግ የታቀደ ነገር ስለሆነ «በጊዜው አመልክተሽ ነበር ወይ?» የሚለው ይታያል። እህቴ ቀድማ ማመልከቷ የጠቀማት እዚህ ላይ ነው። ለሽርሽር ግን ማንም አያፋጥንም። ወረፋ ስጠብቅ አንድ ልጅ አባቱ አርፎ አሜሪካ ላለ ወንድሙ የሞት ሰርተፍኬት ሊያስተረጉም መጥቶ ነበር። የኛ ቀብር በማግስቱ የሚፈጸም ስለሆነ ወንድሙ ለቀብር አይደርስም፤ የሚደርሰው ለአርባው ነው። ቲቸር አርባው ምን እንደሆነና የሚውልበትን ቀን በቤተሰቡ ደብዳቤ ውስጥ ለይተው አስገቡለት። ካልተብራራ «ቀብሩ አልፏል፣ ምን ትሄዳለህ?» ሊባል ይችላል።

የወደድኩላቸውን ደግሞ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ገባች። እህቷ አሜሪካ ጥገኝነት ጠይቃ መልስ እየጠበቀች ነው፤ ለእናታቸው ሙት ዓመት ልትመጣ ትፈልጋለች። ቲቸር ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ከየትኛው አገር ሸሽታ ነው የጠየቀችው?» ከዚሁ ነዋ። «እንግዲያው ጠበቃዋን ሳታናግር አንድ ገጽ አልተረጉምልሽም» አሏት። ሸሽቼዋለሁ ወዳሉት አገር መመለስ ፈቃድ ቢያዝም ማመልከቻውን እንደመተው ያስቆጥራል። ሴትየዋ በያዘችው ወረቀት ብዛት ጥሩ ገንዘብ ይገኝባት ነበር። ሸኟት።

እና አንዷ ኮከብ? የእናቴን ደብዳቤ ኮምፒውተር ላይ የጻፈችው ልጅ ከሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ነው የገለበጠችው። የመጀመሪያው ኮፒ ላይ እናቴ «የልጄን ምርቃት ለማየት» ትጓጓለች። ሠርግ ነው የተባለው! ታች የፊርማው ቦታ ላይ ደግሞ የማላውቃት ሴት ስም አለ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ወረቀት ሳላነብ አልቀበልም። ሌላው ሰው ግን እንግሊዝኛ ነው ብሎ አጥፎ ቦርሳው ይከተዋል። አስተካከሉት፣ ገንዘብም አልጠየቁም። ግን በዚያው መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተር የላቸውም፤ በማግስቱ ተመለስኩ። ለሰው የኢሚግሬሽን ፋይል የሚሆን ወረቀት የሚሠራ ቤት የድሮ ደብዳቤ ላይ እየጻፈ አይሠራም። ለቲቸርም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ከአሁን በኋላ ከባዶ ገጽ ነው የምንጀምረው ብለዋል፤ እናያለን።

ስካኑ ጥሩ ነው፣ በከለር ነው፣ የማኅተሙ ጽሑፍ ይነበባል። በቴሌግራም ስትልኩ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አስልኩ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ ማኅተሙ ሰማያዊ ጭቃ ነው የሚሆነው።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ፣ ፈቃዱ ወጣ። ቲቸር አወጡት አልልም፤ ያወጣው ያው አሜሪካ ነው፣ እሳቸውም እንዲህ ብለው አያውቁም። እህቴ የጥምቀት ሰሞን ቦሌ ገባች፣ በፈጣኑ መንገድ አዳማ ደረሰች፣ ሠርጉም መልሱም ላይ ነበረች። ስትመለስ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ወደ ጎን ክፍል ወስደው አስጠበቋት። በአድቫንስ ፓሮል የሚገባ ሰው ላይ የተለመደ ነው፤ ወረቀቱ መግባትን ዋስትና አይሰጥም፣ የመጨረሻው ውሳኔ እዚያ ያለው ኦፊሰር ነው። ኦፊሰሩ የት እንደነበረች ሲጠይቃት የካርዱን ትርጉም አውጥታ አሳየችው። አይቶ መለሰላት፣ ማኅተም መታላት፣ ገባች። ስለዚህ የቲቸርን ወረቀት ከላካችሁ በኋላም ኮፒውን መንገደኛው በእጁ ይያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ አይክተት።

ዋጋው በገጽ 400 ብር ነው የከፈልኩት። ካርዱ እንደ አንድ ገጽ ተቆጠረልኝ። ደብዳቤ ማስጻፍ ለብቻው ይከፈላል፣ ተከራከሩ፣ ይቀንሳሉ። ቴሌብር ይቀበላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አትሂዱ፤ የትምህርት ማስረጃውን የሚያስተረጉም ተመራቂ ሁሉ ያን ቀን ነው የሚሰለፈው።