ኤድቾይስ አለ ብላችሁ የግል ትምህርት ቤት ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስና አካባቢዋ ያላችሁ ወላጆች፣ ለልጃችሁ የግል ትምህርት ቤት እያያችሁ ከሆነ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። «መንግሥት ይከፍላል፣ እናንተ ምንም አታወጡም» ተብለው ፈርመው፣ ዓመቱ ሳያልቅ የዕዳ ደብዳቤ የደረሳቸው ወገኖች አሉ። አንዷ የቅርቤ ሰው ናት። ወረቀቶቿን አብሬያት ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አንብቤያለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ኤድቾይስ የኦሃዮ መንግሥት የግል ትምህርት ቤት ክፍያ የሚያግዝበት ስኮላርሺፕ ነው። ብዙ ሰው ቫውቸር ይለዋል። በፈረንጆቹ 2006 ሲጀመር ውጤታቸው ደካማ በሆኑ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አካባቢ ለሚኖሩ ልጆች ብቻ ነበር። በ2023 የወጣው የበጀት ሕግ ግን በሩን ለሁሉም ከፈተው። ገቢው ከፌዴራል የድህነት መስመር (መንግሥት በቤተሰብ ብዛት ከሚያወጣው ዝቅተኛ የገቢ ልክ) 450 በመቶ ያልበለጠ ቤተሰብ ሙሉውን ያገኛል። ከዚያ በላይ ያለው ገቢው በጨመረ ቁጥር የሚያገኘው እየቀነሰ ይሄዳል። በ2024-25 የትምህርት ዘመን ሙሉው ገንዘብ ከኬጂ እስከ 8ኛ ክፍል 6,166 ዶላር፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 8,408 ዶላር ነበር።

ገንዘቡ እውነተኛ ነው። ተጠቅመውበት ልጆቻቸውን ጥሩ ቦታ ያስተማሩ ሰዎችም አውቃለሁ። ችግሩ ያለው ከስኮላርሺፑ ጋር አብሮ የሚመጣው ውል ላይ ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። አንደኛው የስኮላርሺፕ ማመልከቻው ነው። እሱን ለኦሃዮ የትምህርት መምሪያ የሚያስገባላችሁ ልጁን የተቀበለው ትምህርት ቤት ራሱ ነው። ሁለተኛው እናንተና ትምህርት ቤቱ የምትፈራረሙት የምዝገባ ውል ነው። በሁለተኛው ውስጥ መንግሥት የለበትም። ከፋይ ተብሎ የተጻፈው የእናንተ ስም ነው። ስኮላርሺፑ ቢቀንስ ወይም ቢቋረጥ የሚያዘው እናንተን ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀጠሮ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚያስፈርሟችሁ አንድ ጉዳይ ይመስላል። አይደለም።

ሂሳቡን እንየው። የአንደኛ ደረጃ ክፍያው በዓመት 9,500 ዶላር የሆነ ትምህርት ቤት አገኛችሁ እንበል። 6,166 ሲቀነስ 3,334 ዶላር ይቀራል። በ10 ወር ሲካፈል በወር 333 ዶላር ገደማ ነው። ለአንድ ልጅ። ሦስት ልጅ ያለው ሰው በየወሩ 1,000 ዶላር ማውጣት አለበት ማለት ነው። ይህም ገና የትምህርቱ ክፍያ ብቻ ነው።

የዚህች እህት የክፍያ ገጽ ስልኳ ላይ ተከፍቶ አይቼዋለሁ። መመዝገቢያ፣ የማይመለስ። ቴክኖሎጂ። መጻሕፍት። ዩኒፎርም፣ ያውም ከአንድ ሱቅ ብቻ የሚገዛ። ከትምህርት በኋላ ማቆያ። ከታች ደግሞ «ቤተሰቡ የሚጠበቅበትን የበጎ ፈቃድ ሰዓት ካልሞላ የሚከፈል» የሚል መስመር አለ። ባሏ ትራክ ይነዳል። እሷ ሌሊት ሺፍት ናት። የትኛውን ሰዓት ነው የሚሰጡት? በጉብኝቱ ቀን ቤተ መጻሕፍቱንና ስፖርት ሜዳውን በደንብ አስጎብኝተዋቸዋል። ስለዚህ መስመር ያነሳላቸው ሰው አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁን ብዙ ሰው አያውቀውም። በኦሃዮ ሕግ መሠረት የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት መስመር 200 በመቶ ካልበለጠ፣ ትምህርት ቤቱ ኤድቾይስ ከሚከፍለው በላይ የትምህርት ክፍያ ሊጠይቃችሁ አይችልም። የሕጉ ቁጥር 3310.13 ነው። ጻፉት። በ2025 ስሌት ለአራት ሰው ቤተሰብ ጣሪያው 64,300 ዶላር ነበር። ኤርፖርት፣ ዌርሃውስ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ የምንሠራ ስንቶቻችን እዚህ ውስጥ እንገባለን! ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ገቢያችሁ በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ኡበር የምትነዱና በራሳችሁ የምትሠሩ፣ የታክስ ወረቀታችሁን አሟልታችሁ አስገቡ። ማረጋገጫው ካልተሟላ ይህ ከለላም ሙሉው ስኮላርሺፕም ያመልጣችኋል። ሁለተኛ፣ ሕጉ የሚያወራው ስለ ትምህርት ክፍያው ነው። ዩኒፎርሙንና ማቆያውን ለብቻ ጠይቁ።

ወደ ውሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳት የደረሰው እዚያ ነው። የዚህች እህት ልጅ ንግግር ላይ ትንሽ ይቸገራል። የመንግሥት ትምህርት ቤት እያለ አይ ኢ ፒ፣ ማለትም ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ ለብቻው የሚዘጋጅ የትምህርት ዕቅድ፣ ነበረው። የንግግር ቴራፒስት በየሳምንቱ ታየው ነበር፣ በነፃ። ወደ ግል ሲዛወር «እኛም ድጋፍ አለን» ተባለች። ድጋፉ ግን አንዲት መምህር ከክፍል አውጥታ አልፎ አልፎ የምታስነብበው ነበር። ቴራፒ የለም። ልጁ ዝም እያለ መጣ። የብርዱ ወቅት ሳይወጣ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ መለሰችው። ማንኛዋም እናት የምታደርገው ነው።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ልጁ ሲወጣ መንግሥት ለቀሪው ጊዜ መክፈሉን ያቆማል። ውሉ ላይ ግን «ተማሪው በማንኛውም ምክንያት ቢለቅ የሙሉ ዓመቱ ክፍያ ይጠየቃል» ይላል። ስለዚህ ስኮላርሺፑ ይከፍለው የነበረው ቀሪ ገንዘብ ዞሮ እሷ ላይ ወደቀ። ገቢያቸው ከ200 በመቶው ጣሪያ በላይ ስለሆነ ያ ከለላ አይመለከታቸውም። ካልከፈለች ዕዳውን ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት (ኮሌክሽን) እንደሚልኩትና የልጁን የትምህርት ማስረጃ እንደሚይዙ ጻፉላት። ይህን ዓረፍተ ነገር በእያንዳንዱ ውል ውስጥ ፈልጉት። «ሲለቅ»፣ «ሲቋረጥ»፣ «ተመላሽ» የሚሉ ቃላት ያሉበት አንቀጽ ነው። ብዙውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። «ስኮላርሺፑ በተቋረጠ ቀን የእኔም ግዴታ ይቁም» ብላችሁ በጽሑፍ እንዲጨምሩ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ቢያንስ የምትገቡበትን አውቃችሁ ትገባላችሁ።

የአይ ኢ ፒውን ነገር በደንብ ያዙት። ከ1975 ጀምሮ ባለ የፌዴራል ሕግ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት አካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ላለበት ልጅ ተገቢውን ትምህርት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ወላጅ በራሱ ፈቃድ ልጁን ወደ ግል ሲያዛውር ግን ልጁ ያን የግል መብት ይዞ አይሄድም። የግል ትምህርት ቤቱ አይ ኢ ፒውን የመፈጸም ግዴታ የለበትም። ኦሃዮ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ጆን ፒተርሰን የሚባል ሌላ ስኮላርሺፕ አላት፣ ኦቲዝም ላለባቸውም ለብቻው አለ። ከኤድቾይስ በብዙ ይበልጣሉ። ልጃችሁ አይ ኢ ፒ ካለው መጀመሪያ ስለ እነሱ ጠይቁ። የንግግር ቴራፒስቷን ስም፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትመጣና ማን እንደሚከፍላት በጽሑፍ ሳትይዙ ግን ንቅንቅ አትበሉ።

እንግሊዝኛ ገና እየለመዱ ላሉ ልጆችም ተመሳሳይ ነው። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በነበሩ ቻይንኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ጉዳይ ከወሰነ ጀምሮ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለነዚህ ልጆች የቋንቋ ድጋፍ መስጠት አለባቸው። የግል ትምህርት ቤቶች ላይ ይህ ግዴታ በአብዛኛው የለም። ከአዲስ አበባ በቅርብ የመጣ ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ የቋንቋ መምህር መኖሩን ጠይቁ። «ልጆች ቶሎ ይለምዳሉ» የሚል መልስ ከሰጧችሁ መምህር የላቸውም ማለት ነው።

ባስም ሌላ ራስ ምታት ነው። በኦሃዮ ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ የግል ተማሪዎችንም የሚያመላልስበት ሁኔታ አለ፣ ግን «አይመችም» ብሎ በምትኩ ገንዘብ መስጠት ይችላል። በዚህ ጉዳይ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ዴቭ ዮስት በ2024 የኮሎምበስ ከተማ ትምህርት ቤቶችን ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። ትምህርት ቤቱ «ባስ አለ» ቢላችሁ፣ ለእናንተ አድራሻ በዚህ ዓመት መኖሩን ከዲስትሪክቱ ራሱ አረጋግጡ። ጠዋት ከሺፍት ወጥቶ ከክሊቭላንድ አቬኑ ሌላኛው የከተማ ጫፍ ድረስ መንዳት በወር ምን ያህል ቤንዚንና እንቅልፍ እንደሚበላ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ምርጫው የወላጅ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። የመጨረሻውን ምርጫ የሚያደርገው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። ስኮላርሺፕ መኖሩ ቦታ ማግኘት አይደለም። ፈተና ይሰጣሉ፣ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ፣ አንዳንዱ የእምነት መግለጫ ያስፈርማል። የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከሆነ ልጃችሁ የየትኛውን ቤተ እምነት ትምህርት እንደሚማር፣ በሥርዓቱ መሳተፍ ግዴታ መሆኑንም ጠይቁ። ለኦርቶዶክሱም ለሙስሊሙም ለፕሮቴስታንቱም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። «ቦታ እያለቀ ነው፣ ዛሬ ዴፖዚት ክፈሉ» ካሏችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ። ቤት ሄዳችሁ ከሚያነብላችሁ ሰው ጋር አንብቡት።

የግል ስለሆነ ብቻ ትምህርቱ ይሻላል ብላችሁም አትሂዱ። ሉዊዚያና ውስጥ በቫውቸር የተዛወሩ ልጆች የሒሳብ ውጤታቸው በግልጽ መውረዱን በ2016 የታተሙ ጥናቶች አሳይተዋል። በዚያው ዓመት በኦሃዮ የተደረገ ጥናትም ኤድቾይስ የተጠቀሙ ልጆች በክፍለ ግዛቱ ፈተና ወደ ኋላ መቅረታቸውን አግኝቷል። በሌላ በኩል ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም በ2025 ባወጣው ጥናት፣ በኤድቾይስ የተማሩ የኦሃዮ ልጆች 64 በመቶዎቹ ኮሌጅ ሲገቡ፣ ከነሱ ጋር ከሚመሳሰሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የገቡት 48 በመቶ ናቸው። ያ ግን ፕሮግራሙ ለሁሉም ከመከፈቱ በፊት የነበሩትን ልጆች የሚመለከት ነው። ስለዚህ የምታዩት ያንን አንድ ትምህርት ቤት ነው። የልጆቹን የፈተና ውጤት አሳዩን በሉ። መምህራን በየዓመቱ ይለዋወጡ እንደሆነ ቀድመው ያስገቡ ወላጆችን ጠይቁ።

ክፍያው ባለበት ይቆያል ብላችሁም አታስቡ። አዮዋ በ2023 ተመሳሳይ ፕሮግራም ስትጀምር፣ ስኮላርሺፑ ለሁሉም በተፈቀደበት በኬጂ ደረጃ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ከ20 በመቶ በላይ መጨመሩን የፕሪንስተን ተመራማሪዎች አግኝተዋል። ስኮላርሺፑ ራሱም አልጸናም። በጁን 2025 እዚሁ ፍራንክሊን ካውንቲ ዳኛ ጄይዛ ፔጅ ኤድቾይስ የኦሃዮን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብለው ወስነዋል። ይግባኙ እስኪታይ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል ፈቅደዋል። ውላችሁ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? ፍርድ ቤት ቢዘጋው ቀሪውን ማን ይከፍላል? አፋችሁን ሞልታችሁ ጠይቁ።

ዳላስና ሂውስተን ያላችሁም አንብቡት። ቴክሳስ በሜይ 2025 በፈረመችው ሕግ 1 ቢሊዮን ዶላር መድባ ከ2026-27 ጀምሮ ለአንድ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ በዓመት ወደ 10,000 ዶላር ለመስጠት ወስናለች። አካል ጉዳት ላለባቸው እስከ 30,000 ይደርሳል። እዚያም የግል ትምህርት ቤቱ ልጁን የመቀበል ግዴታ የለበትም። እዚያም የምትፈርሙት ውል ከመንግሥት ጋር አይደለም።

ፈርማችሁ ዕዳ የመጣባችሁ ካላችሁ፣ ደብዳቤውን አትደብቁት፣ በስልክም አትከራከሩ። ዝርዝር ሂሳቡን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ኢሜይል ይበቃል። ስኮላርሺፑ ለልጁ ምን ያህል እንደከፈለና መቼ እንዳቆመ ከትምህርት መምሪያው የስኮላርሺፕ ቢሮ ጠይቁና ከሂሳቡ ጋር አስተያዩት። ከ200 በመቶ በታች ከሆናችሁ 3310.13ን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ካልሰሟችሁ ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ቢሮ የሸማቾች አቤቱታ አስገቡ፤ በነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡትንም አነጋግሩ። በአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡላችሁ ጠይቁ። ያቺ እህት እንዲህ አድርጋ የማቆያና የበጎ ፈቃድ የተባለው ተሰርዞላታል። በቀሪው ላይ አሁንም እየተከራከረች ነው። ልጇ ቴራፒስቷ ጋ ተመልሷል፣ ግምገማው ግን እንደገና ከመጀመሪያ ነው የተሠራው።