የአባቴን ድስት ላዳኑልኝ ባለሙያ

ምስጋናዬ በሁለታችን መካከል ብቻ እንዳይቀር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ከአባቴ የቀረኝ ባለሦስት እግር የካስት አይረን (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት) ድስት እርጥበት ያለበት ዕቃ ቤት ውስጥ ዓመታት ተረስቶ ዝገት በልቶት ነበር። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ በግራይንደር ፍቀው ሊያብረቀርቁት ሞከሩ፤ ክዳኑ ላይ ጭረት ትተው መለሱልኝ። ልጥለው ስል አንድ ወዳጄ አሮጌ የብረት ድስት የሚያድሱ አንድ አባት ጠቆመኝ።

ድስቱን እንደተቀበሉ በጆሮው አንጠልጥለው በጣታቸው አንጓ መታ አደረጉት። እንደ ደወል ጮኸ። "ተሰንጥቆ ቢሆን ድምፁ ይታፈን ነበር። ጤነኛ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ገልብጠው ሆዱ ላይ ያለውን መስመር አሳዩኝ። እኔ ስንጥቅ መስሎኝ ስሰጋበት የኖርኩት፣ ለካ ድስቱ ሲሠራ የቀለጠው ብረት የገባበት በር ጠባሳ ነው።

ስለ ታሪኩም ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ እ.ኤ.አ. በ1707 ሆደ ትልቅ የብረት ድስት ያለ ጭቃ፣ በአሸዋ ቅርጽ ብቻ የሚወጣበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ድስቱ ቀለል አለ፤ ዋጋውም ወረደ። በ1709 ደግሞ ኮልብሩክዴል በተባለ ቦታ በእንጨት ከሰል ፋንታ ከድንጋይ ከሰል በሚሠራው ኮክ ብረት ማቅለጥ ቻለ። ደጅ ለሚያበስል ሰው ሦስቱ እግሮች ራሳቸው ጉልቻ ናቸው፣ ፍሙ ከሥር ይገባል። የክዳኑ ከፍ ያለ ጠርዝ ከላይ የሚደረደረውን ፍም ይይዛል፤ ለመጋገር ሲሆን የሚበዛው የላዩ ፍም ነው። ስንት ጊዜ ይዤው ያንን ጠርዝ ጌጥ ይመስለኝ ነበር!

ሥራቸውን ቆሜ አየሁ። ሶዳ አሽ (የማጠቢያ ሶዳ) በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ድስቱን ነክረው ከባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቭ ጋር፣ አንድ ቁራጭ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር አገናኙ። አረፋው ቀስ እያለ ዝገቱን አላቀቀው፤ ጤነኛው ብረት አልተነካም። አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀቡት፤ ወዲያው ደግሞ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ወለወሉት። ዘይት ከበዛ እንደሚያጣብቅ የነገሩኝ ያኔ ነው። ድስቱን ደፍተው ምድጃ ውስጥ እያጋሉ አራት ጊዜ ደገሙት። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከብረቱ ጋር የተዋሃደ ቆዳ አወጣ።

በዚያው ቀን የተሰነጠቀ ድስት ይዞ የመጣ ሰው ነበር። "ይኼ እሳት ላይ አይመለስም፣ ገንዘብህን አታባክን" ብለው ሳይቀበሉ ሸኙት። ይበልጥ ያመንኳቸው በዚህ ነው። እኔንም ሲሸኙኝ፣ የጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳላፈስና ካጠብኩ በኋላ እሳት ላይ እንዳደርቀው ደጋግመው አስጠነቀቁኝ።

ቀናት ይወስዳሉ፣ አይቸኩሉም፤ ለነገ የሚፈልግ አይሂድ። ዝጎ የተቀመጠ ድስት ያላችሁ ግን ግራይንደር ሳታስነኩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከእሳቸው ጋር አገናኛችኋለሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።